ሰው ሰራሽ የማዳቀል ዘዴና የላሞቻችን ማህፀን ጤንነት

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ፣ በዱራሜ ከተማ፣ በአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ማዳበሪያና ስለ ስንዴ ገበያ ሌሎች ስለሚናገሩ አንተ ስለ ላም ተናገር ብሎ ጋብዞኛልና ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ስለ ላም ብዙ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የአካል ክፍሏ ብቻ ነው፤ እሱም ማህፀኗ ነው። በበዓል ቀን የሚነሳ ጉዳይ አይደለም የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ወተቱም ቅቤውም ጥጃውም ፍግ የሚጠጣው እንሰትም መነሻቸው እዚያ ነው።

በአንጋጫም፣ በዶዮገናም፣ በቃጫ ቢራም በተዘዋወርኩበት ሁሉ «መርፌው የላሞቻችንን ማህፀን አበላሸ» የሚል አባባል ሰምቻለሁ። አንዳንዱ መርፌ የሚለው ላሟ ኮርማ እንድትፈልግ የሚወጋውን ሆርሞን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዘር የሚገባበትን ዘንግ ነው። በዚህም ምክንያት ወደ ጎረቤት ኮርማ የተመለሱ አባላት አሉ። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲሰማ «የግንዛቤ ችግር ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም። ከፊሉ እውነት ስለሆነና፣ ያንን ከፊሉን እውነት ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘመቻ የማዳቀል ስራ በሚሰራበት ወቅት በአንድ ቀበሌ ከማለዳ ጀምሮ ላሞች በመስመር ቆመው ነበር። ፀሐዩ ከሯል፤ የቀሩትም ላሞች ብዙ ናቸው። አንዲት እናት አንዲት ቀይ ላም እየጎተቱ መጡና «ልጄ፣ ከጎረቤት ኮርማ ገብቶባት ነበር፤ ይዛ እንደሆነ እንጃ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ኮርማ ስትፈልግ አላዩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቤት ውስጥ ታስራ ነው የምትውለው፣ ምኑን አያለሁ» አሉ። በዚያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ጓንት አድርጌ ማህፀኗን መዳሰስ ነበር። ሶስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ከኋላ ያለውን ሰልፍ አየሁና ወጋኋት። በአምስተኛው ቀን ሴትየዋ በእግራቸው መጥተው «ዶክተር፣ ላሜ ጣለች» አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ላርማቸው አልቻልኩም። ጽንሱ የሶስት ወር ገደማ ነበር። የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ጎረቤት መክሯቸው አሮጌ ጫማ አስረውበት ነበር። ማህፀኗ መግል ያዘ። አከምኳት፣ ዳነችም፤ ዳግመኛ ግን አልያዘችም። በሚቀጥለው ዓመት ለመስቀል ለእርድ ተሸጠች። ሴትየዋ አልተሳደቡም፣ አልከሰሱም። «ነግሬህ ነበር እኮ» ብቻ ነው ያሉት። ካሳ የሚከፈልበት አሰራር አልነበረም፤ እኔም ከኪሴ አልከፈልኩም።

እንግዲህ ያቺን ላም የጎዳት ምንድን ነው? መድኃኒቱ ነው ወይስ እኔ? ይህን ለመመለስ መድኃኒቱ ምን እንደሚሰራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። እንቁላል ከለቀቀች በኋላ በእንቁላል እጢዋ ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ እብጠት ትበቅላለች። ይህች እብጠት ፕሮጀስትሮን የሚባለውን ሆርሞን ታመነጫለች፤ ስራውም ማህፀኑን ዝም አሰኝቶ ጽንሱን መጠበቅ ነው። በዘመቻ የምንወጋው መድኃኒት ፕሮስታግላንዲን ይባላል። ይህን ቢጫ እብጠት ያከስመዋል፤ ስለዚህም ባዶ የሆነች ላም ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች። ማህፀኗን አያቆስልም። እንዲያውም መግል ቋጥራ ለተዘጋች ላም የምንሰጠው ራሱ ይህ መድኃኒት ነው፤ የማህፀኑን በር ከፍቶ መግሉን ያስወጣል። እርጉዝ የሆነችውን ከወጋናት ግን የጽንሷን ጠባቂ ገደልንባት ማለት ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ውስጥ ከሆነች ማስወረዷ አይቀርም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ከውርጃ በኋላ የእንግዴ ልጁ ይቀራል፣ የቀረው ይበሰብሳል፣ ማህፀኑ ይታመማል።

ስለዚህ መድኃኒቱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ያልዳሰሰው እጅ ነው ጥፋተኛው። በሀገራችን ይህ የሆርሞን አሰራር በአርሶ አደር ደረጃ በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) በኩል ይካሄድ በነበረ ፕሮጀክት አማካይነት በሐዋሳ-ዳሌና በአዲግራት-መቀሌ አካባቢዎች ነበር። ሐዋሳና ዳሌ ለኛ ሩቅ አይደሉም። በዚያ ሙከራ ከተዳቀሉት ላሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጸንሰው ስለነበር አሰራሩ ወደ ሌሎች አካባቢዎችም ተስፋፋ። ሲስፋፋ ግን የተቆጠረው የተወጋው ላም ብዛት ሆነ። የተወለደው ጥጃ ቢቆጠር ኖሮ እኔም ያን ቀን ሰልፉን ባላየሁ ነበር። ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለእናቶች አንድ ነገር ላሳስብ። ይህ መድኃኒት በቆዳ በኩል ወደ ሰው ሰውነት ይገባል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትና አስም ያለበት ሰው ጠርሙሱንም መርፌውንም መንካት የለባቸውም። የተጣለ መርፌ ለህጻናት መጫወቻ እንዳይሆን ባለሙያው ይዞት እንዲሄድ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዘንጉ ልምጣ። ብዙ አባላት የሚጠራጠሩት እሱን ነው።

አዳቃዩ ባለሙያ አንድ እጁን በሰገራ መውጫ በኩል አስገብቶ የማህፀኑን አንገት ይይዛል፤ በሌላው እጁ ዘንጉን በብልቷ በኩል ያስገባል። የማህፀን አንገት ጠጣር ነው፤ በውስጡ ሶስት ወይም አራት ቀለበት የሚመስሉ እጥፋቶች አሉት። ዘንጉ እነዚያን በቀስታ አልፎ፣ ልክ አንገቱ ሲያልቅ መቆምና ዘሩን እዚያው መልቀቅ አለበት። አንድ ጣት ያህል አልፎ መግባት ጥቅም የለውም፤ የማህፀኑን ስስ ሽፋን ይቧጭራል። ዘንጉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ትኩስ ደም ካለ ተቧጭሯል ማለት ነው። ባለሙያውን «ለምን ደማ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መብታችሁ ነው።

ይሁንና ሌላ ደም አለ፤ እሱን ከዚህኛው ለዩት። ላሟ ኮርማ ከፈለገች ከአንድ እስከ ሶስት ቀን በኋላ በጅራቷና በታፋዋ ላይ ትንሽ ደም ይታያል። በጊደሮች ላይ ይበዛል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «አዳቃዩ ወጋት» ይላል። አልወጋትም። ኮርማ ቢወጣባትም፣ ምንም ባይነካትም ይኸው ደም ይታያል፤ የሆርሞን መለዋወጥ የሚያመጣው ነው። የሚነግራችሁም አንድ ነገር ነው፤ ኮርማ የፈለገችው ከትናንት በስቲያ ገደማ ነበር ማለት ነው። ቀኑን ጻፉት፤ በ20ኛው ቀን አካባቢ ተጠባበቁ።

ከመቧጨር የባሰው ግን ያለጊዜው መግባት ነው። ይህን ነጥብ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ከንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁ። ላም ኮርማ በምትፈልግበት ሰዓት የማህፀኗ በር ይከፈታል። በር ሲከፈት ግን ዘበኛውም ይነቃል። በዚያ ሰዓት ደም ወደ ማህፀኑ በብዛት ይመጣል፣ ጀርም የሚበሉ ነጭ የደም ሴሎች ይገባሉ፣ ፈሳሹም ያጥባል። ዘሩ ራሱ ሲገባ ለአንድ ቀን ያህል ቀላል ቁጣ ያስነሳል፤ ጤነኛ ማህፀን አጽድቶት ይጨርሳል። ኮርማ ከመፈለጓ ጊዜ ውጭ ሲሆን ግን ፕሮጀስትሮን ይነግሳል። ዘበኛው ይተኛል። በዚህ ጊዜ ዘንግ አስገብቶ አንዲት ቆሻሻ ጠብታ ይዞ መግባት በተኛ ቤት ውስጥ ሌባ እንደማስገባት ነው። ጀርሙ ይራባል፣ መግል ይቋጠራል፣ ቢጫዋ እብጠትም ሳትከስም ትቀራለች፤ ላሟም ኮርማ መፈለግ ታቆማለች። ባለቤቱ «ያዘች» ብሎ ይደሰታል። ከወራት በኋላ ሆዷ ሲዳሰስ ጽንስ የለም፤ መግል ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት ደስታ ያለበት ቤት ገብቼ እውነቱን መናገር ከስራዬ ሁሉ ከባዱ ነው።

ከዚህም በላይ፣ ጸንሳ እያለች ኮርማ የምትፈልግ የምትመስል ላም አለች። ከመቶ ጥቂቶቹ እንዲህ ያደርጋሉ። እሷን «አልያዘችም» ብለን ዘንጉን በማህፀን አንገቷ ካሳለፍን ጽንሱን የዘጋውን ዝልግልግ ማህተም እንሰብራለን፤ ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ከዚህ በፊት የተዳቀለች ላም እንደገና ስትመጣ ጥንቁቅ አዳቃይ ዘሩን አንገቱ መካከል ላይ ለቅቆ ይመለሳል እንጂ አያልፍም።

እዚህ ላይ የኛ አካባቢ አኗኗር ያመጣው ችግር አለ። ላሞቻችን የሚያድሩት ከኛው ጋር በአንድ ጣሪያ ስር፣ ታስረው ነው። ላም በላም ላይ ስትወጣ የሚያይ ሰው የለም። የሀገራችን ዝርያ ደግሞ ፍላጎቷ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቀን ብዙም አይበልጥም፤ አብዛኛውም በሌሊት ያልፋል። ታዲያ ማን ያየዋል? የሚያዩት እናቶችና ልጆች ናቸው። ስታለብ ወተት የቀነሰችውን፣ ሌሊት የጮኸችውን፣ ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የሚሳብ ፈሳሽ ያወረደችውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አዳቃዩን የሚጠሩት ግን አባወራዎች ናቸው፤ ያውም ከገበያ ሲመለሱ። ጠዋት የታየች ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ከዚያ ካለፈ ለሚቀጥለው 21 ቀን መተው ከማስገባት ይሻላል። ፈሳሹ ከጠራ ጥሩ ነው፤ ነጫጭ ቁርጥራጭ ካለበት መግል ነውና በዚያን ቀን ዘር አይገባም፣ መጀመሪያ ትታከም።

ማህፀን ከሁሉ በላይ የሚታመመው ግን ከማዳቀል በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ነው። ከወለዱ ላሞች በአብዛኞቹ ማህፀን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀርም ይገኛል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ያጸዱታል። የሚቀሩት ይታመማሉ። ቀላ ብሎ የማይሸት ፈሳሽ ለሁለት ለሶስት ሳምንት ቢወርድ አትደንግጡ። ቢሸት፣ ላሟም ምግብ ብትተው ወዲያውኑ ጥሩን። ከ21 ቀን በኋላ መግል ቢታይም ጥሩን። ማህፀኑ ወደ ቀድሞ ቦታውና መጠኑ ለመመለስ አንድ ወር ገደማ፣ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ለመዳን ደግሞ ስድስትና ሰባት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በወለደች በ30ኛ ቀኗ «ፈልጋለች፣ ዳቅልልኝ» የሚለኝን ሰው እምቢ እላለሁ፤ ከ45 እስከ 60 ቀን ይጠበቅ።

የእንግዴ ልጅ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ቀርቷል ማለት ነው። ድንጋይም ጫማም አትሰሩበት። አትጎትቱት። ሲጎተት ከማህፀኑ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ይዞ ይቀደዳል። የወረደ ጽንስንም በባዶ እጅ አትንኩ፤ ለውሻም አትጣሉ፣ ቅበሩት። ብሩሴሎሲስ የሚባለው የውርጃ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል።

የማዳቀሉ አሰራር ራሱ ለወሊድ ችግር የሚያበቃበት መንገድም አለ። ትንሽ ሰውነት ያላትን የአካባቢያችንን ጊደር በትልቁ የሆልስታይን ዘር ካዳቀልናት ጥጃው ሊገዝፍባት ይችላል። ስትወልድ ይጎተታል፣ ትቀደዳለች፣ የእንግዴ ልጁ ይቀራል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ወተቱን ነው፤ «የዚህ ኮርማ ጥጃ ሲወለድ ያስቸግራል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አባል እስካሁን የለም። ለመጀመሪያ ወላጅ ጊደር እንደ ጀርሲ ያለ አነስተኛ ዝርያ ይሻላል።

ታዲያ ወደ ጎረቤት ኮርማ መመለስስ? ኮርማም ንጹህ አይደለም። ከላም ወደ ላም በግንኙነት የሚተላለፉና ጽንስ የሚያስወርዱ፣ ማህፀን የሚያመግሉ በሽታዎች አሉ፤ አንድ ኮርማ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሊያዳርስ ይችላል። በአውሮፓ ሰው ሰራሽ ማዳቀል እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የኮርማ በሽታ ነበር። ለዚህ በዓል የሚስማማ ታሪክም አለው። የመጀመሪያውን የሰው ሰራሽ ማዳቀል ህብረት ስራ ማህበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1936 በዴንማርክ ሳምሶ በምትባል ደሴት ላይ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት 1,070 ላሞች ተመዘገቡ፤ ከመቶ 59ኙ ጸነሱ፤ በዚያው አካባቢ በኮርማ ከሚጸንሱት በጥቂቱ በለጠ። አንገቱን በእጅ ይዞ ዘንግ የማሳለፉን ዘዴም ያስተማሩን የዚያች ሀገር የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። ዘሩ የሚታሸግበትን ቀሰም መጀመሪያ ከአጃ ገለባ ነበር የሚሰሩት፤ ዛሬ በፕላስቲክ ተተክቶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ወደ ሀገራችን ስንመጣ በጣሊያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1938 በአስመራ ተጀምሮ በጦርነቱ ተቋረጠ፤ በኋላ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ሰራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ብሔራዊው ማዕከል በቃሊቲ ተቋቋመ።

ጽንስ ስለማዛወርም የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ጥጃ የተወለደው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሲሆን ከ70 ዓመት በላይ አልፎታል። ከአንዲት ምርጥ ላም ብዙ እንቁላል እንዲወጣ ሆርሞን ይሰጣታል፤ ከተዳቀለች በ7ኛው ቀን ማህፀኗ በፈሳሽ ታጥቦ ጽንሶቹ ይለቀማሉ፤ ከዚያም ወደ ተቀባይ ላሞች ይገባሉ። 7ኛው ቀን ማለት ቀደም ብዬ እንዳልኩት ዘበኛው የተኛበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ንጽህናው ከተራ ማዳቀል እጅግ ይጠብቃል። በማጠቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ፊኛም ከመጠን በላይ ከተነፋ የማህፀኑን ሽፋን ይቀዳል። ለጊዜው በጓንት ችግር ውስጥ ላለነው ለኛ የሚሆን ስራ አይመስለኝም።

ጓንት ስል ወደ ቦርዱ ዞር ልበል። ክንድ የሚሸፍን ረጅም ጓንትና የዘንጉ ፕላስቲክ ሽፋን ለእያንዳንዱ ላም አዲስ መሆን አለባቸው። ሲያልቁ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይታጠባሉ፣ ይደገማሉ። ዩኒየናችን ማዳበሪያ ከሩቅ አስጭኖ የሚያመጣ ድርጅት ነው። እነዚህን ሁለት ዕቃዎች በአባል ማህበራት ሱቆች ቢያስቀምጥና አባሉ የላሙን ጓንትና ሽፋን ራሱ ገዝቶ ቢጠብቅ ባለሙያው ሰበብ አይኖረውም። ሁለተኛው ጥያቄዬ ካርድ ነው። በየቤቱ ለእያንዳንዷ ላም አንድ ካርድ ይሰቀል፤ የወለደችበት፣ ኮርማ የፈለገችበት፣ የተዳቀለችበት ቀንና የተዳሰሰችበት ውጤት ይጻፍበት። ማንበብ የማይችል ቤት ካለ ተማሪ ልጅ አይጠፋም። በሶስት ጊዜ ማዳቀል ያልያዘች ላም ካርዷ ይመሰክራል፤ አራተኛ ዘንግ ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልጋት። በዘመቻ ቀንም ካርድ የሌላት፣ ያልተዳሰሰች ላም መርፌ አትወጋ። ሰልፉ ቢረዝም ይርዘም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ተግባሩ እንለፍ። ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ዛፍ ስር፣ በንጹህ ሰፌድ ላይ፣ ዛሬ ጠዋት ከእርድ ቤት ያመጣኋቸው ሁለት የላም ማህፀኖች አሉ። አንዱ ጤነኛ ነው፤ ሌላው መግል የያዘ ነው። ጓንት አዘጋጅቻለሁ። የአንገቱን ቀለበቶች በጣታችሁ ቁጠሩ፤ ዘንጉ የት መቆም እንዳለበት ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው ስላለን በየተራ እንገባለን፤ እናቶች ይቅደሙ።